ዕጩ መኰንን፦ ከደጅ ጥናት እስከ መግቢያ ፈተና

አውሮፓውያን «ካዴት» የሚሉትን የጦር ተማሪ አማርኛችን «ዕጩ መኰንን» ይለዋል። የሁለቱ ቃላት ትውልድ የተለያየ ነው። «ካዴት» ከፈረንሳይ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ «ታናሽ ልጅ» ማለት ነው፤ ይኸውም የአባቱ ርስት ለበኩር ወንድሙ ስለሚተላለፍ ለእርሱ ከሰይፍ በቀር መተዳደሪያ የማይተርፍለት የመሳፍንት ልጅ ነበር። «ዕጩ» ግን ከጋብቻ ቤት የወጣ ቃል ነው። ልጃገረድ ትታጫለች፤ ወንዱም እጮኛ ይባላል፤ በመካከል ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ይቆጠራል፣ ዋስ ይጠራል። ስለዚህ «ዕጩ» የሚለውን ቃል በሰማን ቁጥር «ማን አጨው?» ብለን እንድንጠይቅ የቋንቋው ባሕርይ ራሱ ያስገድደናል።

የዚህ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች ስለ ወታደራዊ አካዳሚዎች የመግቢያ ሥርዓት አንድ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ምን ይፈይዳል የሚል አባል ሊኖር እንደሚችል አልተሰወረኝም። መልሱ ሩቅ አይደለም። ዘመናዊው የምሕንድስና ትምህርት ከጦር አካዳሚ ማኅፀን የወጣ መሆኑን ወደ ኋላ እናየዋለን። ከዚህም በላይ፣ በአገራችን አንድ የገበሬ ልጅ ዘመድና ባለሟል ሳይጠራ በወረቀት ላይ በሠራው ሥራ ብቻ ወደ ከፍተኛ ተቋም ሊገባ የቻለው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚለው ጥያቄ አጥብቆ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ የመኰንኖች ምልመላ ነው። ምሳሌዬን በብዛት ከምዕራብ ጎጃም፣ ይልቁንም ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አካባቢ የምወስደው አገሩን በሥራ ምክንያት ስለማውቀው ብቻ አይደለም። የአንድ በር ስፋት በትክክል የሚታወቀው ከአጠገቡ ለቆመው ሳይሆን ከሩቅ ተጉዞ ለሚመጣው ነው።

በጥንቱ ሥርዓት «መኰንን» የሚለው ቃል ነጠላ ሲሆን ብዙው «መኳንንት» ነው። ሹመቱ፣ ዳኝነቱና የጦር አለቅነቱ በአንድ ሰው ላይ ያርፍ ነበር። ከዳሞት ተነሥቶ ለግራዝማችነት ወይም ለቀኛዝማችነት መብቃት የፈለገ ሰው በአገሩ ገዥ ደጅ ያድር ነበር። ደጅ መጥናት ማለት ሥራ ፈትቶ መቆም አይደለም፤ በአጋፋሪው መታወቅ፣ በግብር ላይ መታየት፣ በአደንና በዘመቻ ራስን ማሳየት፣ የሌላውን ወሬ መቋቋም ማለት ነው። ዓመታት ይፈጃል፤ አንዳንዱም በደጁ ላይ ያረጃል። ሆኖም ይህን ሥርዓት ዛሬ እንደምናማው ያህል ዐይነ ሥውር አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። የሚያጨው ጌታ በጦር ሜዳ የራሱን ነፍስ የሚያስረክበው ለዚያው ለመረጠው ሰው ስለነበረ፣ ፈሪን በዝምድና ብቻ ፊታውራሪ ማድረግ ዋጋው ለአጪው ራሱ ከባድ ነበር። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ በጌታው ዐይን ያልታየ ሰው ቢሻልም ባይሻልም እንደሌለ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ዘመናዊ የመኰንኖች ትምህርት ቤት በሆለታ ገነት በ1927 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ በፊት ጥቂት ወጣቶች በፈረንሳይ አገር በሴንት ሲር የጦር ትምህርት ተምረው ነበር። ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ ትምህርት ቤቱም የተቋቋመው ዳግማዊ ምኒልክ ባሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። አስተማሪዎቹ ስዊድናውያን ነበሩ፤ አለቃቸውም ካፒቴን ቪኪንግ ታም ይባሉ ነበር። ስዊድናውያኑ አማርኛ አያውቁም፣ ተማሪዎቹም ስዊድንኛ አያውቁም፤ ስለዚህ ትምህርቱ የሚሰጠው በፈረንሳይኛ እንዲሆን ተደረገ። ይህች ውሳኔ እንደ ቀላል የአሠራር ጉዳይ ብትታይም የመላውን ምልመላ መልክ የወሰነች እርስዋ ናት። በ1927 ዓ.ም. ፈረንሳይኛ የሚያውቅ የኢትዮጵያ ወጣት የሚገኘው በአዲስ አበባ በነበሩት በጣት የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች፣ እንደ ዳግማዊ ምኒልክና እንደ ተፈሪ መኰንን ባሉት ነበር። በዚያን ጊዜ በቡሬ ገጠር የሚኖር፣ ዳዊት ደግሞ ቅኔ የተቀኘ፣ በማስታወስ ችሎታው አገር ያደነቀው የቆሎ ተማሪ ለሆለታ አይበቃም ነበር። ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ጥያቄው በሚጠየቅበት ቋንቋ ስላልተጠየቀ ነው። ማንም «የጎጃም ልጅ አይግባ» ብሎ አልጻፈም፤ ቋንቋው ግን ሳይጻፍ ይሠራ ነበር።

ትምህርቱ ሳይፈጸም ጦርነቱ ደረሰ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የሆለታ ዕጩ መኰንኖች ከስዊድናዊ አለቆቻቸው ጋራ በጣርማ በር የኢጣልያን ግሥጋሤ ለማዘግየት ተላኩ፤ ኃይሉ ግን የሚመጣጠን አልነበረም። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ብዙዎቹ ወደ ወለጋ አፈግፍገው በነቀምት የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ፤ ሊቀ መንበሩም የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር በቦነያ ላይ ያረፉትን የኢጣልያ አይሮፕላኖች ማቃጠላቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ከዚያም ከጦርነቱ በፊት የጎጃም ገዥ የነበሩትና የጎጃምን ጦር ይዘው በሽሬ ግንባር የተዋጉት ልዑል ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ሲያፈገፍጉ ማኅበሩ መሪ አድርጎ ተቀበላቸው። እዚህ ላይ ሁለቱ የመኰንንነት መንገዶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሰፈር ዐደሩ። በአንድ በኩል በደጅ ጥናትና በዘመቻ ያደገው የጎጃምና የሌላው አገር የቀድሞ ጦር፣ በሌላ በኩል በፈረንሳይኛ ካርታ ማንበብ የተማረው የከተማ ልጅ። የጋራ ዘመቻቸው ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጃቸውን እስከሰጡ ድረስ ብቻ ቆየ።

ከአራት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ራሱ ወደ ቡሬ መጣ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ከመሻገራቸው በፊት በሱዳን፣ በካርቱም አጠገብ በምትገኘው በሶባ አንድ የመኰንኖች ማሠልጠኛ ተቋቁሞ ነበር። ከሆለታ የተረፉ፣ ከኬንያና ከሱዳን የስደተኞች ሰፈር የተሰበሰቡ ወጣቶች ሠለጠኑበት። ሰውን ወደ ሶባ ያስገባው የስደት መከራ ራሱ ነበር ማለት ይቻላል፤ በስደት ጸንቶ የቆየ ሁሉ ሌላ ዋስ አያስፈልገውም ነበር። በጎጃም የገባው የጌዴዎን ጦር በቁጥር ከቡሬ ምሽግ ጠባቂ ሠራዊት እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ የኢጣልያው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ ግን የመጣበትን ኃይል አብዝቶ ገምቶ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቀቀ። በመንገዱ ላይ፣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ በጫራቃ ወንዝ አጠገብ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ጋራ ተጋጠመ፤ ያ በስደተኞች የተቋቋመ ጦር ብዙ ሰው ከፈለ። በዚሁ አካባቢ አምስቱን ዓመት የተዋጉት የደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ አርበኞች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው መንደር ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘው ከንጉሠ ነገሥቱ ነው።

ከነፃነት በኋላ ያለው የምልመላ ታሪክ ሁለት መልክ አለው። ሆለታ እንደገና ተከፍቶ በአመዛኙ ከሠራዊቱ ከራሱ፣ ከባለሌላ ማዕርግተኛው፣ አገልግሎታቸውንና አለቆቻቸውን ምስክር አድርገው የሚመጡትን በአጭር ጊዜ ያሠለጥን ጀመር። የክብር ዘበኛ በበኩሉ በ1930ዎቹ መጨረሻ በስዊድናውያን አስተማሪዎች ሥር ሦስት ተከታታይ ኮርሶችን ሲያስመርቅ ተማሪዎቹን የወሰደው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ከመሩት መኰንኖች ብዙዎቹ ከዚህ የወጡ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቶችን በየጊዜው የመጐብኘት ልማድ ስለነበራቸው፣ ተማሪውም ወደ ውጭ አገር ይሂድ፣ ወደ ጦር ትምህርት ይግባ፣ ወደ ሲቪል ሥራ ይመደብ የሚለው ውሳኔ ከዙፋኑ ርቆ አይወሰንም ነበር። ደጅ ጥናቱ ከአዳራሹ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም፤ ለመታየት ግን አሁንም አዲስ አበባ መኖር ያስፈልግ ነበር።

ይህን ያናወጠው የሐረር አካዳሚ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. በሐረር ሲቋቋም አስተማሪዎቹ የሕንድ ሠራዊት መኰንኖች፣ የመጀመሪያው አዛዡም ብርጋዴር ራውሊ ነበሩ። ሕንዳውያኑ ስለ ዕጩነት የራሳቸው መራራ ትዝታ ነበራቸው። በእንግሊዝ አገዛዝ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1918 ጀምሮ፣ ለመላው የሕንድ ሕዝብ በሳንድኸርስት የተፈቀደው ቦታ በዓመት ዐሥር ብቻ ነበር፤ እርሱንም ለማግኘት የታማኝ ቤተሰብ ልጅ መሆንና በአገረ ገዥዎች መታጨት ይጠይቅ ነበር። በ1932 በዴራ ዱን የራሳቸው አካዳሚ ሲከፈት ነው የውድድር ፈተና ዋናው መግቢያ የሆነው። ከዚህ ልምድ የመጡ ሰዎች ሐረር ላይ የጉልበትን ያህል ለትምህርት ክፍሉ ቦታ መስጠታቸው አያስደንቅም።

የሐረር ሥርዓት በአጭሩ እንዲህ ነበር። አመልካቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ፣ ጤናው የተመረመረ፣ የአካል ብቃቱና አእምሮው የተፈተነ መሆን ነበረበት። ትምህርቱ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር፤ ከጦር ትምህርቱ ጋራ የሒሳብ፣ የሳይንስና የታሪክ ትምህርት ነበረበት፤ ሲፈጸምም ምሩቁ በምክትል መቶ አለቅነት ማዕርግ ይወጣል። በሆለታ ፈረንሳይኛ የዘጋውን በር እንግሊዝኛ በከፊል ከፈተው፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ነበርና። አሁን «ማን አጨው?» ቢባል መልሱ «የማትሪክ ውጤቱ» ለመሆን ቀረበ። ለአንድ የዳሞት ልጅ ይህ ከባድ ለውጥ ነው። አባቱ የማንን ደጅ እንደጠና፣ በእነማን ወገን እንደተሰለፈ የሚጠይቅ ሳይሆን የአልጀብራ ጥያቄ የሚያቀርብ መርማሪ አገኘ ማለት ነው።

ሆኖም የመሐንዲስ ልማድ ይዞኝ ስለ ፈተናው ራሱ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። የኮንክሪት ናሙና በቤተ ሙከራ ስንጨፈልቅ የምናውቀው የቀረበልንን ናሙና ጥንካሬ ነው፤ ወደ ቤተ ሙከራ ስላልመጣው የሚነግረን ነገር የለም። የሐረርም ፈተና ፍትሐዊነቱ እስከ መፈተኛው ክፍል ደጃፍ ድረስ ነበር። የጎጃም ዋናው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለብዙ ጊዜ በደብረ ማርቆስ የሚገኘው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ነበር። ከቡሬ ወጣ ካለ ቀበሌ የተነሣ ልጅ በመጀመሪያ እረኝነቱን ለታናሹ አስረክቦ ወደ ወረዳው ከተማ መውጣት፣ ቀጥሎም ስንቁን በአህያ ወይም በትከሻው አድርጎ፣ ቤት ተከራይቶ ወይም ከዘመድ ተጠግቶ ደብረ ማርቆስ መክረም ነበረበት። የኋላ ኋላ ፍኖተ ሰላም የራስዋን የዳሞት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስታገኝ መንገዱ አጠረ፤ ገጠሩ ግን ያው ገጠር ነው። በየክፍሉ ስንቱ እንደቀረ ማሰብ ብቻ ይበቃል፤ አንዱ በሬ ሲሞት፣ አንዱ አባት ሲታመም፣ አንዱ ሲዳር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰው ከመታጨቱ በፊት አሥራ ሁለት ጊዜ ተጣርቶ ነበር።

ከዚያም ጉዞው አለ። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ አድርጎ፣ ከደጀን ወደ ዐባይ በረሃ ወርዶ፣ በጎሐ ጽዮን ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ልጅ ገና ግማሹን እንኳ አልተጓዘም፤ ሐረር ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። በድምሩ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። ቆላና ደጋውን፣ ስምጥ ሸለቆውንና ጨርጨርን አቋርጦ፣ አብዛኛውም ዘመድ ጥየቃ ካልሆነ በቀር ከአውራጃው ያልወጣ ልጅ፣ ቋንቋው በማይነገርበት አገር ይደርሳል። ለምን ሄደ? ለአገር ፍቅር የሄደ አለ፤ አባቱ አርበኛ ስለነበረ የሄደ አለ። ነገር ግን ቀለሙን ሳንቀባ እንናገር ከተባለ ምግብ፣ ልብስ፣ መኝታና ትምህርት በመንግሥት ወጪ የሚሰጥበት፣ ሲወጡም ማዕርግና ደመወዝ የሚጠብቅበት ቦታ ለገበሬ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ የማያንስ ተስፋ ነበር። በምጽዋ የባሕር ኃይል ኮሌጅና በቢሾፍቱ የአየር ኃይል ትምህርት ቤትም ተመሳሳይ ውድድር ነበር፤ የባሕር ኃይሉን ያቋቋሙት በኖርዌያውያን፣ አየር ኃይሉን ደግሞ በመጀመሪያ በስዊድናውያን እርዳታ ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ለመርከብ መኰንንነት ማመልከቱ የሚያስቅ ይመስላል፤ የተራራው አገር ስዊዘርላንድም የባሕር መርከቦች አሉአት።

እዚህ ላይ ከአገራችን ወጣ ብለን የሌሎችን ልምድ እንመልከት። የመሐንዲሱ ድርሻ የሚመጣው በዚህ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1871 ድረስ የእግረኛና የፈረሰኛ ጦር መኰንንነት በገንዘብ ይገዛ ነበር። ሀብታም አባት ያለው ወጣት ሻምበልነትን እንደ እርሻ መሬት ዋጋ ከፍሎ ይይዘዋል። በመድፈኛና በመሐንዲስ ክፍል ግን ይህ አልተፈቀደም፤ ለእነርሱ በ1741 የተቋቋመ የዉሊች አካዳሚ ነበራቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመድፍ ጥይት የሚሄድበትን መሥመር ማስላት የማይችል ሰው፣ ወንዝ ላይ የሠራው ድልድይ የሚሰበርበት ሰው፣ ገንዘቡ አያድነውም። ተፈጥሮ ጉቦ አትቀበልም። በፈረንሳይም በ1794 የተመሠረተው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ለሲቪልና ለጦር መሐንዲስነት የሚበቁትን በውድድር ፈተና ይመርጥ ጀመር፤ ከዚያም ወዲህ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሒሳብ መግቢያ ፈተናቸውን ከእርሱ ወረሱ።

አሜሪካኖች ደግሞ ሁለቱን አዋሐዱ። በ1802 የተቋቋመው የዌስት ፖይንት አካዳሚ፣ ከ1817 እስከ 1833 በመሩት በሲልቫነስ ታየር ጊዜ የፈረንሳዩን ትምህርት ተከትሎ የአገሪቱ የመጀመሪያ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ሆነ። የአሜሪካን የባቡር ሐዲድ፣ ቦይና ወደብ የሠሩት ብዙዎቹ ቀደምት መሐንዲሶች ከዚያ የወጡ ናቸው፤ ከምሩቃኑ አንዱ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊስለር እስከ ሩሲያ ተጠርቶ የፒተርስበርግና የሞስኮን ሐዲድ ሥራ አማክሯል። ወደዚህ አካዳሚ ለመግባት ግን ችሎታ ብቻ አይበቃም። ከ1843 ጀምሮ በሕግ እንደተደነገገው አመልካቹ በአብዛኛው ከመኖሪያ ወረዳው በተመረጠ የምክር ቤት አባል መታጨት አለበት። አንድ የምክር ቤት አባል በአንድ ጊዜ በአካዳሚው ሊኖሩት የሚችሉት ተማሪዎች 5 ናቸው፤ ቦታ ሲለቀቅ ብዙ ዕጩዎች ያቀርባል፣ አካዳሚው ከእነርሱ ውስጥ በራሱ መመዘኛ ይቀበላል። ስለዚህ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ለሕዝብ እንደራሴው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከመምህራኑ ምስክር ያስጽፋል፣ በአካባቢው ሽማግሎች ጉባኤ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ወዲያው «ደጅ ጥናት ነዋ!» ይላል። ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም። ኮታው በየወረዳው ስለተከፈለ፣ ከዋና ከተማው እጅግ የራቀው የእርሻ አገር እንኳ የራሱ የሆነ፣ ሌላው ሊወስድበት የማይችል ቦታ አለው። የድንበር ጠረፍ ጠባቂ አካዳሚያቸው ግን ያለ ምንም እጩነት በውድድር ብቻ ይቀበላል፤ ሁለቱን መንገዶች ጐን ለጐን ይዘው እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

የሐረር አካዳሚ እንዲህ ያለ የወረዳ ድርሻ አልነበረውም። በመሠረቱ የጐደለው ይህ ይመስለኛል። ከቡሬ አንድ ልጅ ቢገባ ባይገባ የሚጠይቅ እንደራሴ አልነበረም። እንዲያውም በጎጃም ገበሬና በሠራዊቱ መካከል የነበረው ግንኙነት በዚያው ዘመን እጅግ ሻከረ። በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የጎጃም ገበሬ ሲያምፅ መንግሥት ጦር ልኮበታል። አንዱ ልጁ ሐረር የሰው ማዘዝ ጥበብ ሲማር ሌላው ልጁ ከታዘዘበት ጦር ሸሽቶ በዱር የሚያድርበት ቤተሰብ ምን ዐይነት ደብዳቤ ይጻጻፍ እንደነበረ ለማሰብ ልብ ወለድ መጻፍ አያስፈልግም።

በ1966 ዓ.ም. የመጣው ለውጥ የእጩነትን ነገር ገለበጠው። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር ክፍለ ጦሮች ማዕርጋቸው ከሻለቃ ያልበለጠ እንደራሴዎችን እየመረጡ ወደ አዲስ አበባ ላኩ፤ ሰኔ 21 ቀንም ደርግ ተመሠረተ። ሦስተኛው ክፍለ ጦር ከሐረር የላካቸው ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሐረር አካዳሚ ሳይሆን የሆለታ ምሩቅ ነበሩ። በኢትዮጵያ ወታደራዊ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያስከተለው ዕጭት ያለ ፈተናና ያለ መርማሪ፣ በየሰፈሩ በተደረገ ስብሰባ የተፈጸመ ነው። የሐረር አካዳሚም በሶማሊያ ወረራ ዘመን ተዘጋ። ከእርሱ የወጡ መኰንኖች በቀጣዮቹ ጦርነቶች ክፍለ ጦሮችን መርተዋል፤ በግንቦት 1981 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ውስጥ ከተሳተፉትና ሕይወታቸውን ካጡት ጄኔራሎች መካከልም ይገኙ ነበር።

ለገጠሩ ሰው ግን የዘመኑ ዋና ታሪክ የጄኔራሎቹ አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ የ6 ወር ሥልጠና ወስዶ 2 ዓመት እንዲያገለግል ደነገገ። በገጠር ዝርዝሩን የሚያወጣው የገበሬ ማኅበሩ፣ በከተማ ቀበሌው ነበር። ማጨት የሚለው ቃል ከዚህ በላይ መራራ ትርጉም አግኝቶ አያውቅም። አባቶች የማዕርግ ዕጩ ለመሆን ደጅ ይጠኑ ነበር፤ አሁን ደግሞ እናቶች ልጃቸው እንዳይታጭ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ደጅ ይጠኑ ጀመር። ሙክት፣ ማር፣ ዝምድናና ልቅሶ ለዚሁ ዋሉ። ኮታው ሳይሞላ ሲቀር አፈሳ ይመጣ ነበር፤ በገበያ ቀን የተያዘ፣ ከሠርግ ቤት የተወሰደ ሰው ታሪክ ያልሰማ የምዕራብ ጎጃም ቤተሰብ አለ ብዬ አላምንም። በዚያው ጊዜ ያው ቀበሌ የሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤ ለትምህርትም ለሥራም መግቢያ ሆኖ ነበርና፣ አንድ ማኅተም የአንዱን ልጅ በር ሲከፍት የሌላውን ልጅ ስም ወደ ማሠልጠኛ ያስተላልፍ ነበር። የእንዲህ ያለውን ሥልጣን ክብደት ከየትኛውም የጦር አካዳሚ ፈተና ጋራ ማወዳደር አይቻልም። አካዳሚው ያልመረጠው ልጅ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ የገበሬ ማኅበሩ የመረጠው ግን ላይመለስ ይችላል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የቀድሞው ሠራዊት ተበተነ፤ ሰፊ ቁጥር ያለው ወታደርና መኰንን ወደየቤቱ ተሰናበተ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተ እንዲሆን ደነገገ። ይህ በመሠረቱ አሜሪካኖች በ1843 በወረዳ የፈቱት ጥያቄ በሌላ መስፈርት የቀረበ ነው። አንድ የአሜሪካ ገበሬ ልጅ «ወረዳዬ» ሲል የኢትዮጵያው «ብሔሬ» እንዲል ተደረገ፤ ነገር ግን በአንድ ብሔር ድርሻ ውስጥ የክልሉ ዋና ከተማ ልጅና የደጋ ዳሞት ቀበሌ ልጅ እንዴት እንደሚካፈሉ አንቀጹ አይናገርም። የርቀቱ ጥያቄ፣ ማለት የሆለታው ፈረንሳይኛና የሐረሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስነሡት ጥያቄ፣ እንዳለ ቀረ።

በዚህ ዘመን የእኛን ሙያ በቅርብ የሚነካው በቢሾፍቱ የተቋቋመው የመከላከያ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ነው። በብሔራዊ ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ካመጡ ወጣቶች እየመረጠ በሜካኒካል፣ በኤሌክትሪክና በሲቪል ምሕንድስና ሲያስተምር ቆይቷል። ዌስት ፖይንት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የጀመረውን ጋብቻ የሚያስታውስ ነው። በሲቪል መሥሪያ ቤቶችና በሥራ ተቋራጮች ዘንድ ከዚያ የወጡ የሙያ ጓዶች ያጋጠሙን አባላት ጥቂት አይደለንም።

በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ግን «ጦር ትምህርት ቤት» ሲባል በሰዉ አእምሮ የሚመጣው ቢሾፍቱም ሐረርም አይደለም፤ ብር ሸለቆ ነው። ከከተማው ወደ ቆላው ወርዶ በብር ወንዝ ሸለቆ የሚገኘው ይህ ማሠልጠኛ ለአያሌ ዓመታት ተራ ወታደር የሚወጣበት ቦታ ሆኖ ይታወቃል። በቡሬ አካባቢ በሥራ በቆየሁባቸው ወራት ከሠራተኞቻችን አንዱ፣ ዕድሜው የገፋ ግንበኛ፣ ስለ ምልመላ ሲያወራ ሁለት ግሦች ለይቶ ይጠቀም እንደነበረ አስተውያለሁ። ወደ ብር ሸለቆ ስለሄዱት ሲናገር «ተወሰዱ» ይላል፤ ከመንደሩ ወጥቶ በቀድሞው ዘመን ሐረር ስለገባው አንድ ሰው ሲናገር ግን «ታጨ» ይል ነበር። ማን አጨው ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አሰበና «አስተማሪው» አለኝ።